ምዕራፍ 7፦ ከሁለቱ ማሽኖች የሞተው የትኛው ነው?

አንድ የኢሜይል ሰርቨር ደብዳቤ ተቀብሎ ሲጨርስ ለላኪው የሚመልሰው ባለሦስት አኃዝ ቁጥር ነው፦ 250። ላኪው ሰርቨር የደብዳቤውን ይዘት አድርሶ ሲያበቃ ከነጥብ በቀር ምንም የሌለበት መስመር ይልካል። ተቀባዩ 250 ይላል። ላኪውም በእጁ የነበረውን ቅጂ ይሰርዛል። ከዚህ በኋላ ለደብዳቤው ተጠያቂው ተቀባዩ ብቻ ነው፤ ወይ ለባለቤቱ ያደርሳል፣ ወይ አለመድረሱን ለላኪው ያስታውቃል። ጆን ፖስቴል ኤስኤምቲፒ የተባለውን ይህን የመላላኪያ ደንብ ያወጣው በነሐሴ 1982 ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶችና ወሮች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የ2008ቱ የደንቡ ቅጂ ነገሩን አጥብቆ ይዞታል፤ 250 ያለ ሰርቨር «ኋላ ማሽኑ ወደቀብኝ» ብሎ ደብዳቤ መጣል አይፈቀድለትም።

ማሽን ግን ይወድቃል። ዲስክ ያረጃል፣ ማራገቢያ ይቆማል፣ መብራት ይጠፋል። ለዚህ አበው ያዘዙት መድኃኒት የታወቀ ነው፦ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል። የኮምፒውተር መሐንዲሶችም ይህንኑ አደረጉ፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ማሽኖችን አቆራኝተው እንደ አንድ የሚያሠሩበትን ዘዴ ክላስተር አሉት። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቫክስክላስተርን ለገበያ ያስተዋወቀው በ1983 ነበር፤ ሐሳቡ ዕድሜ ጠገብ ነው ማለት ነው። ተረቱ ያለፈው አንድ ጥያቄ ግን አለ። ባላው መሰበሩን የሚያውቀው ማን ነው? የተንጠለጠለ ሰው ባላው ሲሰበር ይሰማዋል። ማሽን ስለ ጓደኛው የሚያውቀው ግን በገመድ የሚመጣለትን መልእክት ብቻ ነው፤ መልእክቱ የቀረበት ጓደኛው ሞቶ ይሁን ገመዱ ተበጥሶ መለየት አይችልም። የኢሜይል ክላስተር ጣጣ አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል። የዚህ ምዕራፍ ክርክርም አጭር ነው፦ ለኢሜይል አንድ ሰዓት ሙሉ መቆም፣ ሁለት ማሽኖች «ባለአደራው እኔ ነኝ» ከሚሉበት አንድ ደቂቃ ይሻላል።

ታጋሹ በር

ኢሜይል ከሌሎች አገልግሎቶች የሚለይበት ጸጋ አለው፤ ታጋሽ ነው። ድረ ገጽ ሲቆም ጎብኚው ወዲያው ያያል፣ ያማርራል፣ ይሄዳል። የኢሜይል ሰርቨር ሲቆም ግን ላኪው ሰርቨር ደብዳቤውን ወረፋ ላይ አኑሮ ቆይቶ ይሞክራል። ደንቡ በሁለት ሙከራዎች መካከል ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲጠበቅ፣ ተስፋ ከመቁረጥ በፊትም ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን እንዲታገሡ ይመክራል። ቪትሴ ቬኔማ በአይቢኤም የምርምር ክፍል ሳለ ጽፎት በ1998 ለሕዝብ የተለቀቀው ፖስትፊክስ የተባለ የኢሜይል ሰርቨር ማንም ካልነካካው ለ5 ቀን ይሞክራል። ስለዚህ ዓርብ ማታ የወደቀ ሰርቨር ሰኞ ጠዋት ቢነሣ፣ ላኪዎቹ ደንቡን የሚያከብሩ እስከሆኑ ድረስ ከውጭ የተላከለት ደብዳቤ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም።

በዚህ ላይ ክሬግ ፓርትሪጅ በጥር 1986 ባወጣው ሰነድ የኤምኤክስ መዝገብን አሠራር ደነገገ። አንድ ድርጅት ዲኤንኤስ በተባለው የኢንተርኔት የስም መዝገብ ላይ ደብዳቤ የሚቀበሉለትን ሰርቨሮች በቁጥር ደረጃ ያስመዘግባል፤ ላኪው ከትንሹ ቁጥር ይጀምራል፣ እሱ ካልመለሰ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ቁጥራቸው እኩል የሆኑ ሰርቨሮች ደግሞ ሥራውን ይካፈላሉ። እንግዲህ የመቀበያውን በር ከመቆም ለማዳን ምንም የክላስተር ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ በዲኤንኤስ ላይ ሁለት መስመር መጻፍ ይበቃል።

ግን ብዙዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ እዚሁ ነው። «ዋናው ቢቆም እንኳ ደብዳቤ የሚይዝልን ተጠባባቂ» ብለው አንድ አሮጌ ማሽን ሌላ ቦታ ያቆሙና ትልቅ ቁጥር ሰጥተው ይረሱታል። አይፈለጌ መልእክት ላኪዎች ግን አይረሱትም። የተጠባባቂው ማጣሪያ ደካማ እንደሚሆን ስለሚገምቱ፣ ዋናው ሰርቨር በደኅና እየሠራም ሆን ብለው ወደ ትልቁ ቁጥር ይሄዳሉ። ተጠባባቂው የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ካላወቀ ደግሞ ለሌለ አድራሻ የመጣውንም ሁሉ 250 ብሎ ይቀበላል። ኋላ ዋናው ሰርቨር ሲመልስበት ቃሉን ለማክበር «አልደረሰም» የሚል ማስታወቂያ ለላኪው ይጽፋል፤ በላኪነት የተጻፈው አድራሻ ግን ከነገሩ ንክኪ የሌለው ሰው አድራሻ ነው። እንዲህ እያለ የድርጅቱን ሰርቨር ጥቁር መዝገብ ላይ ያስጽፋል። በእኔ አስተያየት ሁለተኛው በር በማጣሪያም በስም ዝርዝርም ከመጀመሪያው ጋር እኩል ካልሆነ ባይከፈት ይሻላል።

ትዕግሥት የሌለው ሳጥን

ከባዱ ነገር የሚጀምረው ደብዳቤው በሩን አልፎ ከገባ በኋላ ነው። ሰዎች ደብዳቤያቸውን በስልካቸውና በኮምፒውተራቸው የሚያነቡበት አይማፕ የተባለው ደንብ፣ ማርክ ክሪስፒን በ1986 በስታንፎርድ የጀመረው፣ ደብዳቤው ሰርቨሩ ላይ እንዲቀመጥ ነው የሚያደርገው። ስልኩ የሚያየው የሰርቨሩን ሳጥን ነው። ሰርቨሩ ከቆመ ሳጥኑ አይከፈትም፤ እዚህ 5 ቀን የሚታገሥ የለም፣ 5 ደቂቃም የሚታገሥ ጥቂት ነው። በተጨማሪ ሰርቨሩ በየሳጥኑ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ዩአይዲ የሚባል ወደ ላይ ብቻ የሚቆጥር ቁጥር ይሰጣል። ስልኩ «እስከ 5000 አይቻለሁ፣ ከዚያ በኋላ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቀው በዚህ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ልብ ይሏል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ስለዚህ ሁለተኛው ማሽን ሥራ ሲረከብ የመጀመሪያውን ሳጥን ማግኘት አለበት። አንዱ መንገድ ሁለቱም የሚያዩት የጋራ ማከማቻ ማቆም ነው፤ ሰርቨሮቹ ሁለት ሆነው ማከማቻው አንድ ከሆነ ግን የመውደቂያው ነጥብ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ሌላው መንገድ እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ዲስክ ይዞ በዲስኮቹ ላይ የሚጻፈው አንድ ዓይነት እንዲሆን ማድረግ ነው። በሊነክስ ዓለም ለዚህ የታወቀው መሣሪያ ዲአርቢዲ ነው፤ ፊሊፕ ራይስነር የጀመረው፣ ቪየና ያለው ሊንቢት የተባለ ኩባንያ የሚንከባከበው፣ በ2010 በሊነክስ 2.6.33 ውስጥ የተካተተ። አንድ ማሽን ዲስኩ ላይ የጻፈውን ሁሉ በኔትወርክ ለጓደኛው ይልካል፤ ጓደኛውም በራሱ ዲስክ ላይ ይጽፋል።

ዲአርቢዲ ሲዋቀር «ተጽፏል» የሚባለው መቼ እንደሆነ የሚወስኑ ሦስት ምርጫዎች አሉት፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ ይባላሉ። በሲ፣ መጻፉ ተጠናቀቀ የሚባለው የሁለቱም ማሽኖች ዲስክ ሲይዘው ነው። በኤ ደግሞ የራስ ዲስክ ከያዘውና መልእክቱ ወደ ጓደኛው ለመሄድ ተራ ከያዘ በቂ ነው። ኤ ፈጣን ነው፤ ማሽኖቹ በተራራቁ ቁጥር ያጓጓል። ለኢሜይል ግን ይህ የፍጥነት ምርጫ ብቻ አይደለም። በሲ የሚሠራ ሰርቨር 250 ሲል ደብዳቤው በሁለት ዲስክ ላይ አለ። በኤ የሚሠራው 250 ሲል ሁለተኛው ቅጂ ገና መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል፤ በዚያች ቅጽበት ማሽኑ ቢቃጠል ላኪው የራሱን ቅጂ ሰርዟል፣ ጓደኛው አልደረሰውም። አንድ ሕንፃ ውስጥ ላሉ ሁለት ማሽኖች ከሲ ሌላ ለመምረጥ ምክንያት አይታየኝም።

ተቃራኒው አደጋም አለ። ማሽኑ ደብዳቤውን በሁለቱ ዲስኮች ላይ ጽፎ 250 ሳይል ቢሞትስ? ላኪው መልስ ስላላገኘ ደግሞ ይልከዋል፤ ባለቤቱ አንድ ደብዳቤ ሁለቴ ይደርሰዋል። ያው ፓርትሪጅ ስለዚህ ድርብ ደብዳቤ በ1988 ራሱን የቻለ ሰነድ ጽፏል። ችግሩ ከነሥሩ አልተነቀለም፤ ደንቡ የወሰነው ከመጥፋት መደገም ይሻላል ብሎ ነው። ክላስተሩ ሥራ በተረከበ ማግስት «ሁለት ሁለት እየደረሰኝ ነው» የሚል ሠራተኛ ቢመጣ እንግዲህ መደንገጥ አያስፈልግም።

ከሳጥኑ ሌላ የፖስትፊክስ ወረፋም አብሮ መባዛት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው፤ ሳጥኖቹ በተባዛው ዲስክ ላይ ሆነው፣ ገና ያልተላኩ የወጪ ደብዳቤዎች ግን ከሞተው ማሽን ጋር ይቀበራሉ። ወረፋውን በየደቂቃው ፋይል በፋይል እየገለበጡ አድናለሁ ማለትም አያዋጣም፤ ፖስትፊክስ የወረፋውን ፋይሎች የሚሰይመው ዲስኩ ውስጥ ባላቸው የኢኖድ ቁጥር ስለሆነ፣ ሌላ ዲስክ ላይ የተገለበጠ ፋይል ስሙና ቦታው አይገጥሙም። ዲአርቢዲ የሚያባዛው ዲስኩን ራሱን በመሆኑ ይህ ጣጣ የለበትም።

ርክክቡን የሚመራው ፔስሜከር የተባለ ሶፍትዌር ነው፤ በማሽኖቹ መካከል «አለህ?» «አለሁ» የሚለውን ልውውጥ የሚይዘው ደግሞ ኮሮሲንክ። አንደኛው ሲወድቅ ሁለተኛው ዲስኩን ከተከታይነት ወደ ዋናነት ያሳድጋል፣ ማውንት ያደርጋል (ከአቃፊ ጋር አያይዞ ይከፍታል)፣ የአይማፕ ሰርቨሩን ዶቭኮትንና ፖስትፊክስን ያስነሣል፣ ተጠቃሚዎች የሚያውቁትን ተንሳፋፊ አይፒ አድራሻ ወስዶ «ይህ አድራሻ ከእንግዲህ የእኔ ነው» ብሎ ለስዊቹ ያስታውቃል። ቅደም ተከተሉ ጌጥ አይደለም። ዲስኩ ማውንት ሳይደረግ ፖስትፊክስ ቀድሞ ቢነሣ፣ ሳጥኖቹ ይገኙበታል የተባለው ቦታ ላይ የሚያገኘው ባዶ አቃፊ ነው። ደብዳቤ ይመጣለታል፤ 250 ይላል፤ አዲስ ሳጥን ፈጥሮ ያስቀምጣል። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ እውነተኛው ዲስክ በዚያው አቃፊ ላይ ማውንት ይደረግና ያን ደብዳቤ ይሸፍነዋል። አልተሰረዘም፣ ግን የሚያየው የለም። መከላከያው ቀላል ነው፤ ባዶው አቃፊ፣ የወረፋውም ጭምር፣ ማንም እንዳይጽፍበት ተቆልፎ ይቀመጥ። ያን ጊዜ ዲስኩ ሳይኖር የመጣ ደብዳቤ ላኪው ወረፋ ላይ ይቆያል። የደንቡ ትዕግሥት የሚጠቅመው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ጓደኛዬ ሞተ ወይስ ገመዱ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ሁለት ማሽኖች አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ግንኙነት ተቋረጠ፤ ሁለቱም ግን ደኅና ናቸው። እያንዳንዱ ዝም ያለውን ጓደኛውን እንደ ሞተ ይቆጥራል። እያንዳንዱ ዋና ይሆናል። በሩ ላይ የሚመጣው ደብዳቤ ግማሹ ወደ አንዱ፣ ግማሹ ወደ ሌላው ይገባል። የአንዲት ተጠቃሚ፣ የሒሩት፣ ሳጥን በአንደኛው ማሽን 5001 የሚል ዩአይዲ ለባንክ ደብዳቤ ሲሰጥ፣ በሁለተኛው ያው 5001 ለእኅቷ ደብዳቤ ይሰጣል። ስልኳ 5001ን አንዴ አይቶታልና ሌላውን ፈልጎ አይጠይቅም። ግንኙነቱ ሲመለስ ዲአርቢዲ ሁለቱ ዲስኮች እንደተለያዩ ያያል፤ የትኛው ይጣል የሚለውን ግን አስቀድሞ ካልታዘዘ በቀር ራሱ አይወስንም፣ መወሰንም የለበትም። ባለሙያዎች ይህን ሁኔታ ስፕሊት ብሬን ይሉታል።

አንዱ መከላከያ ምልዓተ ጉባኤ ነው። እያንዳንዱ ማሽን አንድ ድምፅ አለው፤ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያልያዘ ወገን ሥራ አይጀምርም፣ የጀመረም ያቆማል። ሦስት ማሽኖች ካሉና አንዱ ከተነጠለ ሁለቱ ይቀጥላሉ፣ ብቸኛው ይቆማል። ሁለት ማሽኖች ብቻ ሲሆኑ ግን የሁለት አብላጫ ሁለት ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላውም ይቆማል፣ ክላስተሩ ከአንድ ማሽን የባሰ ሆነ ማለት ነው። ኮሮሲንክ ለሁለት ማሽኖች ደንቡን የሚያላላ ልዩ ቅንብር አለው፤ ችግሩን ግን ወደሚቀጥለው መከላከያ ይገፋዋል እንጂ አይፈታውም። የተሻለው ሦስተኛ መራጭ ማምጣት ነው፦ ደብዳቤ የማይዝ፣ ድምፅ ብቻ ያለው፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠ አነስተኛ ማሽን።

ሁለተኛው መከላከያ ጨካኝ ነው፤ ስቶኒት ይባላል። ጓደኛው የሞተ የመሰለው ማሽን ዲስኩን ከመንካቱ በፊት የጓደኛውን ኤሌክትሪክ ያጠፋል፤ መጥፋቱን ካላረጋገጠም ሥራ አይረከብም። ግምት ወደ እርግጠኝነት የሚለወጠው በዚህ መንገድ ነው። ብዙ ሰው ክላስተር ሲያዋቅር መጀመሪያ የሚያሰናክለው ይህን ነው፤ ሙከራው ላይ ማሽኖች እየጠፉ ስለሚያስቸግሩት። ያለ ስቶኒት የቆመ የኢሜይል ክላስተርን እኔ ክላስተር አልለውም፤ ግንኙነቱ የሚቋረጥበትን ቀን የሚጠብቅ ስፕሊት ብሬን ነው።

ስቶኒትም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው። ሰርቨሩን ከሩቅ ለማጥፋት የሚያገለግለው አይፒኤምአይ የተባለው ትንሽ ሰሌዳ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከዚያው ከሰርቨሩ ነው። የአንዱ ማሽን ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ሰሌዳውም አብሮ ይሞታል፤ ጓደኛው «ጥፋ» ይላል፣ መልስ የለም፣ ሥራ አይረከብም። ማሽኑ በእርግጥ ሞቷል፣ ክላስተሩ ግን ማረጋገጫ እየጠበቀ ይቆማል። አዲስ አበባ ላይ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ይህን እንደ ሩቅ አጋጣሚ ሊያየው አይችልም። በአንድ ዩፒኤስ ላይ የተሰኩ ሁለት ማሽኖች፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ባትሪው ካልያዘ፣ እንደ አንድ ማሽን ይወድቃሉ። ሁለቱን በተለያየ ዩፒኤስ ላይ መሰካት፣ ከአይፒኤምአይ ሌላም ከሩቅ የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ እንደ ሁለተኛ ማጥፊያ መጨመር ከብዙ የሶፍትዌር ቅንብር ይበልጣል።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን ሲገናኙ ምን እንደሚመስል ጊትሀብ በታኅሣሥ 22 ቀን 2012 አይቶታል። ኢሜይል አይደለም፤ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያከማቹበት አገልግሎት ነው፤ መሣሪያዎቹ ግን እነዚሁ ነበሩ፣ ጥንድ ጥንድ የፋይል ሰርቨሮች በፔስሜከር፣ የኮሮሲንክን ዓይነት ሥራ በሚሠራው በሃርትቢትና በዲአርቢዲ። በኔትወርኩ ላይ ሥራ እየተሠራ ሳለ በስዊቾች መካከል ያለው ግንኙነት ለ90 ሰከንድ ያህል ተዘጋ። ጥንዶቹ አንዳቸው የሌላውን ሞት አወጁ፤ የማጥፊያ ትእዛዝም ላኩ። ኔትወርኩ ሲመለስ በአንዳንዶቹ ጥንዶች ሁለቱም ተጠፋፉ፤ ሁለቱም ዋና ነን ያሉበትም ነበር። መሐንዲሶቹ አገልግሎቱን ዘግተው የትኛው ዲስክ ትክክለኛውን እንደያዘ እየመረመሩ ለሰዓታት ሠሩ። እያወቁ መዝጋታቸው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ክላስተሩ የተሠራው የአንድ ማሽንን ሞት ለመቋቋም ነው፤ የገጠመው ግን የማንም ሞት አልነበረም፣ ዝምታ ነበር። ኮሮሲንክ በቀደሙት ቅጂዎቹ 1 ሰከንድ መልስ ሲያጣ ነበር የሚጠረጥረው፤ በኋላ ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ተደርጓል። ለኢሜይል ይህንንም ማሳደግ አያስነውርም፤ ማንም ሰው 10 ሰከንድ በዘገየ ደብዳቤ አልተጎዳም።

ስለ ጥቃቅኑ በአጭሩ። ርክክቡ ተሳክቶ ሁለተኛው ማሽን ሲነሣ የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው ዲጂታል የምስክር ወረቀት ጊዜ ያለፈበት ሆኖ መገኘት የተለመደ ነው፤ እድሳቱ በመጀመሪያው ማሽን ላይ ብቻ ሲደረግ ኖሯልና። ሁለተኛው ማሽን ደብዳቤ የሚልክበት አይፒ አድራሻም በድርጅቱ ስም ደብዳቤ መላክ የተፈቀደላቸውን በሚዘረዝረው የኤስፒኤፍ መዝገብ ላይ ካልተጻፈ፣ የተገላቢጦሽ የዲኤንኤስ ስምም ከሌለው፣ ትልልቆቹ ተቀባዮች እንደ አጭበርባሪ ያዩታል። የክላስተሩ ጠባቂም ደብዳቤ የሚገባበት ፖርት 25 መከፈቱን ብቻ አይቶ «ደኅና ነው» ማለት የለበትም፤ ዲስኩ የሞላ ሰርቨርም ፖርቱን ይከፍታል። ደብዳቤ ልኮ፣ መልሶ ከሳጥኑ ውስጥ ማንበብ ነው የሚያስተማምነው።

ባክአፕ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ዲአርቢዲ ስሕተትንም በታማኝነት ያባዛል፤ በአንዱ ማሽን የተሰረዘ ሳጥን በዚያው ቅጽበት በሌላውም ይሰረዛል። በየካቲት 2011 በጂሜይል የማከማቻ ሶፍትዌር እድሳት ውስጥ የነበረ ስሕተት 0.02 በመቶ የሚሆኑ ተጠቃሚዎችን ሳጥን ባዶ አደረገ። ጉግል ቅጂዎችን በተለያዩ የመረጃ ማዕከላት ያስቀምጥ ነበር፤ ስሕተቱ ግን ብዙዎቹን ቅጂዎች በአንድ ላይ ነካቸው። ደብዳቤዎቹ የተመለሱት ከማግኔት ቴፕ ነው። ከመስመር ውጭ ስለነበረ የሶፍትዌር ስሕተት አልደረሰበትም።

ከሞት የተመለሰው

የሞተው ማሽን ተጠግኖ ሲነሣ በራሱ ሥልጣኑን እንዳይረከብ ፔስሜከርን ማዘዝ ይገባል። ይነሣ፣ በተከታይነት ይግባ፣ ዲአርቢዲ በሌለበት ጊዜ የተለወጡትን የዲስክ ክፍሎች ብቻ ለይቶ ያድስለት፤ ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ ካለበትም አስተዳዳሪው በመረጠው ሰዓት ይሁን።

መከላከያው ሁሉ ሳይሠራ ቀርቶ ሁለት ዋና ማሽኖች ለጥቂት ሰዓታት ደብዳቤ ተቀብለው ከተገኙስ? ዲአርቢዲ አንዱን «የአንተን ጣል» በሉት ይላል። ትእዛዙን ከመስጠት በፊት ሁለት ነገር ይደረግ፦ ተሸናፊው ማሽን ከኔትወርክ ይነጠል፣ ዲስኩም በሙሉ ይገልበጥ። ከዚያ ዳንኤል በርንስታይን ኪውሜል ለተባለው የኢሜይል ሰርቨሩ በ1990ዎቹ የቀየሰው ሜይልዲር የተባለው አቀማመጥ ያግዛል። ከእሱ በፊት በተለመደው ኤምቦክስ አንድ ሰው ያለው ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ተቀጣጥሎ ይጻፍ ስለነበር የተለያዩ ሁለት ቅጂዎችን ማዋሃድ ከባድ ነው። በሜይልዲር ግን እያንዳንዱ ደብዳቤ የራሱ ፋይል ነው፤ በፋይሉ ስም ውስጥም የደረሰበት ሰዓትና የተቀበለው ማሽን ስም አለ። ስለዚህ ከተሸናፊው ቅጂ ውስጥ ግንኙነቱ ከተቋረጠበት ሰዓት በኋላ የመጡትንና የዚያን ማሽን ስም የያዙትን ፋይሎች ለቅሞ ወደ አሸናፊው ሳጥኖች «አዲስ» አቃፊ መጨመር ይቻላል፤ ስማቸው ስለማይጋጭ አንዱ ሌላውን አይደመስስም። ዶቭኮት እንደ አዲስ መጪ ይቆጥራቸውና ማንም ያልያዘው ዩአይዲ ይሰጣቸዋል። በተሸናፊው ማሽን ላይ የተደረጉ ስረዛዎችና «ተነቧል» የሚሉ ምልክቶች አይመለሱም። የሒሩት እኅት ደብዳቤ ግን ጥቂት ሰዓት ዘግይቶ፣ 5001 ሳይሆን ሌላ ቁጥር ይዞ ይደርሳል።